ቆጣሪው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚቆጥረው ለምንድን ነው? የጣሪያ ሶላርና የመብራት ሕጎቻችን ታሪክ፣ ከአሰላ ሲታይ

አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። አየሯ ቀዝቃዛ ነው፣ በበጋ ሰማይዋ ጥርት ይላል። ለሶላር ፓኔል ይሄ እንደ ስጦታ ነው። ብዙ ሰው ፓኔል ሙቀት የሚወድ ይመስለዋል፣ የሚፈልገው ግን ብርሃን እንጂ ሙቀት አይደለም። የፓኔሉ ገላ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ የሚሆን ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ተመሳሳይ ፀሐይ ቢያገኙ የአሰላው ፓኔል ከሞቃቱ የመተሐራ ፓኔል የተሻለ ይሠራል ማለት ነው።

እስቲ አንድ ቤት እናስብ። አሰላ ውስጥ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ የመብራት ቆጣሪ የገባለት ቤት። ጣሪያው ላይ 1 ኪሎዋት ፓኔል ተሰቅሏል። ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ እናትና አባት ሥራ ላይ ናቸው። ቤት ውስጥ የሚሠራው ፍሪጅ ብቻ ነው። ታዲያ የቀረው ኃይል የት ይሂድ?

ሦስት ምርጫ አለ። አንደኛው ባትሪ ውስጥ ማጠራቀም ነው፣ ባትሪ ግን ውድ ነው። ሁለተኛው ኢንቨርተሩ ፓኔሉን «በቃህ» ብሎ እንዲገታው ማድረግ ነው፣ ያኔ ኃይሉ ይባክናል። ሦስተኛው ኃይሉን በዚያው መብራት በሚመጣበት ሽቦ መልሶ ወደ ውጭ መላክና ጎረቤት እንዲጠቀምበት ማድረግ ነው። ሦስተኛው በቴክኒክ በኩል ቀላል ነው። በአሠራር በኩል ግን በአገራችን አዲስ ቆጣሪ እንደማስገባት ያለ የዘወትር አገልግሎት አልሆነም። ይህ ጽሑፍ ለምን እንዳልሆነ በታሪክ በኩል ለማየት ይሞክራል። (ያለ ምልክት የተጻፉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው፣ በአውሮፓውያን ሲሆን እ.ኤ.አ. ብያለሁ።)

ሁሉም የራሱ መብራት የነበረው ዘመን

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን ሲገባ አንድ ትልቅ ድርጅት ይዞት አልመጣም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራው መብራት ለግቢው ብቻ የሚሠራ ጄኔሬተር ነበረው። አመንጪውም ተጠቃሚውም አንድ ግቢ ነው፤ በዛሬ ቋንቋ «ለራስ ፍጆታ ማመንጨት» የምንለው መሆኑ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. አቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ፣ አዲስ አበባም ከጄኔሬተር ጭስ ሌላ ምንጭ አገኘች።

በክፍለ ሀገር ከተሞች ታሪኩ ሌላ ነበር። የናፍጣ ወፍጮ ያለው ሰው ቀን እህል ይፈጫል፣ ማታ በዚያው ሞተር ጄኔሬተር ያዞርና ለሰፈሩ መብራት ያከራያል። በብዙ ትንንሽ ከተሞች ቆጣሪ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ክፍያው በአምፖል ቁጥር ነበር። ሁለት አምፖል ያለው የሁለት ይከፍላል፣ ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉም ይተኛል። በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ጄኔሬተር ያስተዳድር ነበር።

ይህንን ዘመን እንደ ኋላቀርነት ብቻ ማየት ልክ አይመስለኝም። አንድ ነገር ያሳየናልና፦ «ኤሌክትሪክ አመንጪው መንግሥት፣ ተጠቃሚው ሕዝብ» የሚለው አከፋፈል የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። በሆነ ጊዜ፣ በሆነ ምክንያት፣ ሰዎች የመረጡት አደረጃጀት ነው።

መብራት ኃይል ሲወለድ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የኃይል ማመንጫዎቹ አስተዳደር እጅ ሲቀያየር ቆይቶ በ1948 የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ። ሕዝቡ ስሙን አሳጥሮ «መብራት ኃይል» አለው። ተቋሙ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ስሙን ቀይሯል፣ በሕዝብ አፍ ግን አሁንም መብራት ኃይል ነው። እናቶቻችን «መብራት ኃይል መጥቶ ቆጣሪ አነበበ» ሲሉ የ1948ቱን ስም እየጠሩ ነው።

የአዲሱ ባለሥልጣን ሥራ ትልልቅ ማመንጫ መሥራትና ሽቦ መዘርጋት ነበር። በ1952 የቆቃ ግድብ 43 ሜጋዋት ይዞ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የአገሪቱ የኃይል ሥርዓት በሁለት ስም ይጠራ ጀመር፦ በረጅም ሽቦ የተያያዘው «ግሪድ» እና እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ናፍጣ የሚሠራበት ለብቻው የቆመ ሥርዓት። የዕድገት ትርጉም ከሁለተኛው ወደ አንደኛው መሻገር ሆነ። በ1980 ገደማ ዋቢ ሸበሌ ላይ የመልካ ዋከና ማመንጫ 153 ሜጋዋት ይዞ ሲጀምር የአርሲና የባሌ ደጋ ውኃ ራሱ የግሪዱ አካል ሆነ።

እዚህ ላይ የኢንጂነሪንጉን ምክንያት ማየት ይገባል። በዚያ ዘመን ኃይል የሚያመነጭ ማሽን በተለቀ ቁጥር የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይቀንስ ነበር። አሥር ሰው አሥር ትንንሽ ጄኔሬተር ከሚገዛ አንድ ትልቅ ተርባይን ይሻላል። አንድ ትልቅ ተርባይን ካለ ደግሞ ሽቦውን ሁለት ድርጅት ትይዩ ቢዘረጋው ብክነት ነው። ኢኮኖሚስቶች ይህንን «የተፈጥሮ ሞኖፖሊ» ይሉታል። በ1967 መንግሥት ትልልቅ የማምረቻ ተቋማትን ሲወርስ ፖለቲካውም ወደዚያው ገፋ። በሁለቱም ምክንያት ሽቦው፣ ቆጣሪውና ሕጉ አንድ ሥዕል ላይ ተመሠረቱ፦ ኃይል ከተራራ ወደ ቤት ይወርዳል። ከቤት ወደ ላይ አይወጣም።

ሽቦ የሌለው ሶላር

«ታዲያ ሶላር ከመቼ ጀምሮ ነው ያለው?» ካላችሁ፣ ብዙ ሰው ከሚገምተው ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ የገጠር መንደር 10.5 ኪሎዋት የሶላር ማመንጫ ተተክሎ 300 ያህል ቤቶችን በአንድ ትንሽ መረብ አገናኘ። እ.ኤ.አ. በ1989 ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የውኃ ፓምፕና የእህል ወፍጮም አንቀሳቀሰ። ቴሌም በተራራ ጫፍ ላሉ የማስተላለፊያ ጣቢያዎቹ ሶላር ከተጠቀሙት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ሬማ የምትባል መንደር ከሁለት ሺህ በላይ ቤቶች የየራሳቸው ትንሽ ሶላር ተተከለላቸው፣ የሶላር ባለሙያ የሚሠለጥንበት ትምህርት ቤትም እዚያው ተከፈተ።

መንግሥትም ይህንን መንገድ ደግፎታል። በመጋቢት 2011 ይፋ የሆነው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉም ዜጋ መብራት እንዲያገኝ ሲያቅድ 65 በመቶው በግሪድ፣ 35 በመቶው ከግሪድ ውጭ፣ በዋናነት በሶላር እንዲሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የሚኒ ግሪድ መመሪያ ወጣ፤ ግሪድ ባልደረሰበት ቦታ የግል ድርጅት ትንሽ ማመንጫና ትንሽ መረብ የሚሠራበትን አካሄድ አስቀመጠ።

ልብ በሉ፣ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሶላር የሚመጣው ሽቦ በሌለበት ነው። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለ ገበሬ ሁለት አምፖልና የስልክ ቻርጀር ያለው ኪት ሲገዛ ዋናው ጥያቄ የዕቃው ጥራት ነው። ግሪዱን አይነካም፣ ግሪዱም አይነካውም። ሁለት ዓለም ተፈጠረ፦ ሽቦ ያለው ቤት ሶላር አያስፈልገውም፣ ሶላር ያለው ቤት ሽቦ የለውም። የአሰላው ቤታችን ሁለቱም አለው። ችግሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ማንም ያልጠየቀው ጥያቄ

ሕግ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲጠይቅ ነው የሚጻፍ። የከተማ ሰው ለምን አልጠየቀም? መልሱ የመብራት ሒሳብ ላይ ነው ያለው።

እስከ 2011 ድረስ ለመኖሪያ ቤት የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዳቸው 0.2730 ብር ነበሩ፣ ከ500 በላይ ለሚጠቀም ከፍተኛው ታሪፍ ደግሞ 0.6943 ብር። አሁን እናስላ። አሰላ ላይ 1 ኪሎዋት ፓኔል በቀን በአማካይ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል ብለን በቁጥብነት እንያዝ። በወር 120 ይሆናል። በከፍተኛው ታሪፍ ብታባዙት 83 ብር ገደማ፣ በዝቅተኛው 33 ብር ገደማ ነው። በወር 33 ብር ለማትረፍ የብዙ ሺህ ብር ፓኔልና ኢንቨርተር የሚገዛ ማን ነው? ማንም። ርካሽ መብራት ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የጣሪያ ሶላር ጥያቄን ለዓመታት አስተኝቶታል።

በ2011 ታሪፉ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወሰነ። በ2014 ከፍተኛው 2.4810 ብር ደረሰ፣ ዝቅተኛው ግን እዚያው 0.2730 ላይ ቀረ። ያው 120 ኪሎዋት ሰዓት በከፍተኛው እርከን 298 ብር ገደማ ሆነ ማለት ነው። በመስከረም 2017 ሌላ የአራት ዓመት ማስተካከያ ተጀመረ። በዚያው ጊዜ የፓኔል ዋጋ በዓለም ገበያ እየወረደ ነበር። አንዱ መስመር ሲወጣ ሌላው ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ።

ሌላም ምክንያት አለ፣ መብራት መጥፋቱ። በ2001 የግድቦች ውኃ ቀንሶ አገሪቱ በፈረቃ ኖራለች። በግንቦት 2011ም እንዲሁ ፈረቃ ታወጀ። በፈረቃ ጊዜ የከተማ ነዋሪ ጥያቄ «ስንት ብር አተርፋለሁ?» ሳይሆን «እንጀራው የሚጋገረው መቼ ነው?» ይሆናል። ባትሪና ኢንቨርተር የገባቸው ቤቶች የበዙት በዚህ ስሜት ነው።

ሽቦው የሚፈራው ምንድን ነው?

አንባቢ «ሕጉ ለምን አይፈቅድም፣ ቢሮክራሲ ብቻ ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። ሦስት እውነተኛ ችግሮች አሉ።

የመጀመሪያው የሰው ሕይወት ነው። ሰፈራችሁ መብራት ጠፋ እንበል። የመብራት ኃይል ሠራተኛ መስመሩን ዘግቶ ፖል ላይ ወጣ። «ኃይል የለም» ብሎ ሽቦውን ሲነካ ከአንድ ጣሪያ የሚመጣ 220 ቮልት ሊያገኘው ይችላል። ይባስ ብሎ ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ከታች 220 ሲገባ ከላይ በብዙ ሺህ ቮልት ሆኖ ይወጣል። መሐንዲሶች ይህንን «ደሴት» ይሉታል፤ ግሪዱ ጠፍቶ አንድ ሰፈር ብቻውን በርቶ ሲቀር ማለት ነው። ከግሪድ ጋር እንዲገናኝ የተሠራ ኢንቨርተር ግሪዱ ሲጠፋ በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን እንዲያጠፋ የሚገደደው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው አይ-ትሪፕል-ኢ 1547 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ 2 ሴኮንድ ገደብ ሰጥቶታል። ባትሪ ያለው ኢንቨርተር ደግሞ ቤቱን ከመንገዱ ሽቦ በመቀያየሪያ ፈጽሞ መነጠል አለበት። ጄኔሬተር ያለውም ቤት እንዲሁ።

ሁለተኛው ቆጣሪው ራሱ ነው። የድሮው ባለ ዲስክ ቆጣሪ ኃይል ወደ ውጭ ሲሄድ ወደ ኋላ ይዞራል። ብዙ ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪዎች ግን አቅጣጫ ሳይለዩ እንዲቆጥሩ ተደርገው ይሠራሉ፣ ያለፈውን ሁሉ «ተጠቀመ» ብለው ይመዘግባሉ። ውጤቱን አስቡት፦ ካርድ የሞላችሁበት ቆጣሪ ለጎረቤት በነፃ የሰጣችሁትን ኃይል እናንተኑ ያስከፍላችኋል! ስለዚህ ገቢና ወጪን ለይቶ የሚቆጥር ቆጣሪ ሳይገባ፣ ተቋሙም ሳያውቅ፣ ፓኔልን ከመንገድ ሽቦ ጋር ማገናኘት አደጋም ኪሳራም ነው።

ሦስተኛው የሰፈሩ አቅም ነው። ቀን 6 ሰዓት ላይ አሥር ቤት በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ ሲገፋ በመስመሩ መጨረሻ ያለው ቮልቴጅ ከመደበኛው በላይ ይወጣል፣ የጎረቤት ፍሪጅም ይጎዳል። አንድ ቤት ብቻ ከሆነ ማንም አያስተውለውም፣ አሥር ሲሆን ግን ማን እንዳለና ስንት እንዳለው የሚያውቅ መዝገብ ያስፈልጋል።

የሦስት በሮች ጉዳይ

እንግዲህ የአሰላው ቤት የሚያንኳኳቸው በሮች ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዱም የተለያየ ዘመን ሥራ ነው።

አንደኛው በር የከተማው አስተዳደር ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ10,000 በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ግንባታ የሚካሄደው በከተማው የሕንፃ ሹም ፈቃድ እንዲሆን ደነገገ፣ ሕንፃዎችንም «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ መደበ። አዋጁ ሲጻፍ በአእምሮ የነበረው ፎቅና ፋብሪካ እንጂ ፓኔል አይደለም። ግን ጥያቄው ፓኔልንም ይመለከታል፦ ጣሪያው ይችለዋል ወይ? ሁለት ካሬ ሜትር የሆነ ፓኔል ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይመዝናል። ይሄ ብዙ አይደለም። ከባዱ ነገር ነፋስ ነው። በአሰላ ከፍታ አየሩ ሳሳ ቢልም በሴኮንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ያንን ፓኔል ከ80 ኪሎ በላይ በሆነ ጉልበት ሊያነሣው ይሞክራል። ኢተያ አጠገብ የአሰላ ንፋስ ኃይል ማመንጫ 29 ተርባይኖች የተተከሉት በከንቱ አይደለም፣ አካባቢው ነፋስ አለው። ስለዚህ ፓኔሉ የሚታሰረው ከቆርቆሮው ጋር ሳይሆን ከቆርቆሮው ሥር ካለው እንጨት ወይም ብረት ጋር ነው።

ሁለተኛው በር ተቆጣጣሪው ነው። በ1989 አዋጅ ቁጥር 86 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲን ሲያቋቁም አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ፦ መብራት የሚሸጠውና ሻጩን የሚቆጣጠረው ተለያዩ። በ2006 የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ቦታውን ተካ፣ ዛሬ ሥራው በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሥር ነው። ኃይል አመንጭቶ ለመሸጥ ፈቃድ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ ለመሥራት የብቃት ማረጋገጫ የሚጠየቀው በዚህ መስመር ነው። ለቤተሰብ ተግባራዊ ትርጉሙ ይሄ ነው፦ ሠራተኛ ስትቀጥሩ «የብቃት ማረጋገጫህን አሳየኝ» ማለት መብታችሁ ነው። ሌላው ደግሞ ለጎረቤት ሽቦ ስቦ በወር ሒሳብ መቀበል፣ የድሮው ባለወፍጮ ያደርገው እንደነበረው፣ ዛሬ ያለ ፈቃድ አይቻልም።

ሦስተኛው በር መብራት ኃይል ነው፣ በአሁን ስሙ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። በ2006 የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል ማመንጨትና ማስተላለፍ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና መሸጥ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ሆነ። አስቡት እንግዲህ፦ አንዱ ድርጅት ያመነጫል፣ ሌላው ለቤት ያደርሳል። የሚያመነጭ ቤት የየትኛው ጉዳይ ነው? በክፍፍሉ ውስጥ ቦታ አልተቀመጠለትም። የማከፋፈያው ተቋም ቤቱን የሚያውቀው በደንበኛ ቁጥር ነው፣ ደንበኛ ማለት ደግሞ የሚገዛ ሰው ማለት ነው። ከጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አካባቢ፣ ከትንንሽ አመንጪዎች በቁርጥ ዋጋ ኃይል የሚገዛበት ረቂቅ ሕግ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ግን ሳይጸድቅ ቀረ።

ከሦስቱ በሮች ውስጥ ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ወረቀት ይጠየቃል፦ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣችው ሕግ ድርጅቶቿ ከትንንሽ አመንጪዎች እንዲገዙ አስገደደች። እ.ኤ.አ. በ1983 የሚኒሶታ ግዛት ከ40 ኪሎዋት በታች ላላቸው ሰዎች ቀለል ያለ ዘዴ አወጣች፦ የላካችሁት ከተጠቀማችሁት ላይ ይቀነሳል። ይህ «ኔት ሜተሪንግ» ይባላል። ጀርመን ሌላ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በ1990 የመጀመሪያውን፣ በ2000 ጠንካራውን ሕግ አውጥታ ለሶላር ኃይል ለ20 ዓመት የታሰረ ዋጋ ሰጠች። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው የኢነርጂ ሕግ ኔት ሜተሪንግን አስገባች፣ ዝርዝር ደንቡ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ሕግ ከወጣ በኋላም ቆጣሪው ግድግዳ ላይ እስኪሰቀል ጊዜ ይወስዳል።

ከሁሉ ትልቁን ትምህርት የምትሰጠው ፓኪስታን ትመስለኛለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ለጋስ የሆነ የኔት ሜተሪንግ ደንብ አወጣች። ከዚያ የመብራት ዋጋ ሲወደድና ፓኔል ሲረክስ ሕዝቡ ጣሪያው ላይ ዘመተ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 17 ጊጋዋት ገደማ ፓኔል ከቻይና ገባ። የትልቅ ቤት ባለቤቶች ከግሪድ የሚገዙት ቀነሰ። የፖሉ፣ የሽቦውና የማመንጫው ብድር ግን አልቀነሰም። ወጪው ፓኔል መግዛት በማይችሉት ላይ ተከመረ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2025 የመግዣ ዋጋውን ለመቀነስ ተንቀሳቀሰ።

አሰላ ይህንን ፊልም አይታዋለች

ከጣሪያ ሶላር የራቀ የሚመስል፣ ግን በጣም የቀረበ ታሪክ አሰላ ውስጥ አለ። በ1960 ገደማ በስዊድን ድጋፍ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ «ካዱ»፣ በከተማዋ ተቋቋመ። ዓላማው ድሃ ገበሬን መርዳት ነበር። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድር፣ አዳዲስ የእርሻ መሣሪያ አመጣ። ምርቱም አደገ። የዛሬው የአሰላ የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል ሥሩ ወደዚያ ዘመን ይመዘዛል።

ግን መሬቱ የባለርስት ነበር፣ አራሹ ጭሰኛ። ስዊድኖች የጭሰኞችን መብት የሚጠብቅ የመሬት ሕግ እንዲወጣ ጠይቀዋል፣ ረቂቁ በፓርላማ ተንጠልጥሎ ቀረ። ቴክኖሎጂው ግን ሕጉን አልጠበቀም። እርሻ አትራፊ ሲሆን ባለርስቶች ትራክተር አስገቡ፣ ጭሰኞቹንም አስነሡ። ትራክተሩ ክፉ አልነበረም። መሣሪያው ቀድሞ ደረሰና «ትርፉ የማን ነው?» የሚለው ደንብ ዘገየ። የመሬት አዋጁ የመጣው በ1967 ነው፤ ለተነሡት ሰዎች ዘግይቶ።

አሁን ወደ ይዞታ ካርታው እንመለስ። አሰላ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ፣ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መምህር ይሁን የብቅል ፋብሪካ ሠራተኛ፣ የራሱ ጣሪያ የለውም። ካርታ የለውም። በቀበሌ ቤት የሚኖርም እንዲሁ። ነገ ኔት ሜተሪንግ ቢፈቀድ ቅናሹን የሚያገኘው ካርታ ያለው ሰው ነው፣ የቀረውን የሽቦ ወጪ የሚሸፍነው ካርታ የሌለው። በኛ ታሪፍ ደግሞ ሌላ ውስብስብ አለ፦ ዝቅተኛውን እርከን ርካሽ አድርጎ የያዘው ብዙ የሚጠቀሙት ሰዎች ከፍ አድርገው መክፈላቸው ነው። እነሱ በፓኔል ከወጡ የድሃውን መብራት ማን ይደጉመዋል?

ይህ ማለት የጣሪያ ሶላር ይቅር ማለት አይደለም። እንዲያውም ለእኛ አገር ከሌላው ይልቅ ይስማማል። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ኃይላችን ከውኃ ነው፤ በጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውኃ ደግሞ ሊቀመጥ ይችላል። በበጋ ቀን የአሰላ ጣሪያዎች በሰጡት ኃይል ልክ መልካ ዋከና ተርባይኑን ዝግ ማድረግ፣ ውኃውን ለማታ ማቆየት ይችላል። ግድቡ ባትሪ ሆነ ማለት ነው፣ ያውም የተከፈለበት ባትሪ። ወቅቱም ይገጥማል፤ ፀሐይ የምትበረታው በበጋ፣ ግድብ የሚቀንሰውም በበጋ ነው፣ ክረምት ደመና ሲሆን ደግሞ ውኃው ይሞላል።

ስለዚህ ጥያቄው «ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ» ሳይሆን «ደንቡ ምን ይቁጠር» ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ኃይል በችርቻሮ ዋጋ ሳይሆን በሚያድነው የውኃ ዋጋ ሊሰላ ይችላል። የሽቦው ወጪ ለብቻው ተለይቶ ሊከፈል ይችላል፣ ያኔ ባለፓኔሉም ድርሻውን ይሸፍናል። ጣሪያ የሌላቸው ተከራዮች በትምህርት ቤት ወይም በገበያ አዳራሽ ጣሪያ ላይ በጋራ ድርሻ ሊገዙና ከካርዳቸው ላይ ሊቀነስላቸው ይችላል፤ በሌሎች አገሮች ይህ ይሠራበታል። የብቃት ማረጋገጫ ያለው አንድ ባለሙያ የሚፈርምበት አንድ ቅጽ ለሦስቱም በሮች ሊያገለግል ይችላል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ ቤታቸው ላይ ፓኔል ሊሰቅሉ ያሰቡ ቤተሰቦች ያላችሁ ልጆች፣ ሦስት ነገር ለቤት ንገሩልኝ። ኃይሉ ወደ መንገድ ሽቦ እንዳይወጣ መቀያየሪያው በባለሙያ ይሠራ። ፓኔሉ በጣሪያው እንጨት ወይም ብረት ላይ ይታሰር። ሦስተኛው የአቅጣጫ ነገር ነው። አሰላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፓኔሏ ወደ ደቡብ ትንሽ ያዘነበለ ይሁን፣ ዝናብ አቧራውን እንዲያጥብለት 10 ዲግሪ ያህል በቂ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግን የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ካላመናችሁ በሰኔ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ውጡና ጥላችሁ ወዴት እንደሚወድቅ እዩ።